አባቷ ማን ይባላል

ፊልሙ ላይ ያለችው ክልስ ሴት ቡናማ ቀለም የተቀባች ነጭ መሆኗን ከሁላችን ቀድማ ያወቀችው እናቴ ናት። አሜሪካ፣ እኛ በምንኖርበት በፌርፋክስ ሰፈር፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ አሮጌ ፊልም የምታሳይ አንዲት ትንሽ ሲኒማ ቤት ነበረች። እኔ መሐል፣ እናቴ በቀኜ፣ የአባቴ ጓደኛ ጋሼ የማነ በግራዬ ተቀምጠናል። እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አንገቷን እይው። ፊቷን ሲቀቡ አንገቷን ረስተውታል» አለችኝ። እውነትም ከአንገቷ በታች እንደ ወተት ነጭ ነበረች። ሳቄን ለማፈን ሹራቤን ነከስኩ።

ዘመኑ በፈረንጆቹ ሰባ ስድስት ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ፊልሙ ስለ አንድ ሞቃት ወደብ ነበር። የገዢዎቹ ባንዲራ ሊወርድ ሳምንት ቀርቶታል፤ ፈረንጆቹ ዕቃቸውን በሣጥን እያሸጉ ነው። ሊዲያ የምትባለው ሴት እናቷ የአገሩ ተወላጅ ናት፣ አባቷ ደግሞ የጉምሩኩ ሹም የሆነ ሽማግሌ ፈረንጅ። ፈረንጆቹ ክበባቸው አያስገቧትም። የአገሩ ልጆች ደግሞ ሰልፍ በወጡ ቀን፣ ነርስ ናትና፣ የሆስፒታል ልብሷን ሲያዩ ድንጋይ ይወረውሩባታል። አንድ ፀጉሩ የሚያበራ ወጣት መኮንን አለ፤ ይወዳታል፤ ይዟት ሊሄድ ቃል ገብቷል። በመጨረሻው ቀን መርከቡ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋላት፤ እሷም ደረጃውን መውጣት ጀመረች። እናቷ ከታች ብቻዋን፣ በሻሿ ጫፍ አፏን ይዛ ቆማለች። ከዚያ በላይ ማየት አልቻልኩም። ፊቴን እናቴ ብብት ሥር ቀበርኩ። የመርከቡ ጡሩምባ ሁለቴ ጮኸ። ቀና ስል መርከቡ ባሕር መሐል ደርሷል፤ የእናቴ ጉንጭ በእንባ ርሷል።

ሊዲያ ሄደች አልኩ በልቤ። እናቴ ያለቀሰችውም መሄድ አምሯት ነው።

ፊልሙን ደግሜ ያየሁት አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ፣ በአርባ አራት ዓመቴ፣ በኮምፒዩተር ነው። ሊዲያ አልሄደችም። ደረጃውን ወጥታ መኮንኑን አልፋው ትሄዳለች። ሻንጣው ላይ ወደተቀመጠው ሽማግሌ አባቷ ትደርስና በተሳፋሪው ሁሉ ፊት አንድ ቃል እንዲላት ትለምነዋለች። ሽማግሌው ፒፓውን ከአፉ አውጥቶ ወደ ባሕሩ ዞሮ ያያል። እሷም ትወርዳለች። አራት ደቂቃ ይፈጃል። እኔ ያን አራት ደቂቃ ያሳለፍኩት እናቴ ብብት ሥር ነው። እኔ መኮንኑን ስጠብቅ እናቴ የምታየው ሽማግሌውን ነበር።

ልጅነቴ መሄድን ይፈራ ነበር፤ ምክንያትም ነበረው። አባቴ ንዋይ አብዮቱ በፈነዳ በዓመቱ «ለሦስት ወር ነው» ብሎ አገር ቤት ገብቶ፣ ሦስቱ ወር ዓመት አልፎት ነበር። ደብዳቤውም ቆሟል። የቀረችኝ እናቴ ናት። እሷም ብትሆን ሙሉ በሙሉ የእኔ አትመስልም ነበር፤ ቀይ ናት፣ ከቀይም ቀይ፣ እኔ ደግሞ የአባቴን ጥቁረት ወስጃለሁ። ፌርፋክስ ዳቦ ቤት ስንገባ ሴቶቹ እሷን በስፓኒሽ ያናግሯታል፤ እኔን ግን እናቷ የጠፋችባት ልጅ እንደሆንኩ ሁሉ ዙሪያዬን ይቃኛሉ። የአባቴ ጓደኞች፣ ለትምህርት የመጡት ያገራችን ልጆች፣ ስብሰባቸው ሲያልቅና ሲቀልዱ «ጣልያኗ» ይሏታል። እሷም ትስቃለች። ሳቋ ቶሎ ያልቅ ነበር።

ከሲኒማው ወጥተን በእግራችን ወደ ቤት ስንሄድ ጋሼ የማነ ፊልሙን እየተቸ ነበር። ረጅም ቀጭን ልጅ ነው፤ ጎፈሬው በር ሲያልፍ ጎንበስ ያደርገዋል። ቀን ይማራል፣ ማታ ማታ ሳን ፔድሮ ወደብ አጠገብ ባለ የጣልያኖች ምግብ ቤት ያስተናግዳል። ፊልሙ ለጨቋኞች እንድናለቅስ የተሠራ ነው አለ። ጥቂት እንደተራመድን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሶ... እትዬ ሮማን፣ ሰውዬውን አናገርኩት።»

እናቴ ቆመች። እጄን የያዘው እጇ ጠበቀ።

«ምን አለ?»

«መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ ቁጥሯን ጻፍልኝ አለ፤ ናፕኪን ላይ ጻፍኩለት። ኦኬ፣ አንቺስ ለምን አትደውዪለትም? አንድ ቀን ድራይቭ አድርጌ እወስድሻለሁ፤ ሠላሳ ደቂቃ ነው።»

«አልለምንም» አለች እናቴ። «ሠላሳ አምስት ዓመት ቆይቻለሁ። ከፈለገኝ እሱ ይምጣ።»

«ቢፈልግሽስ?»

«ቢፈልገኝማ...» አለችና ወደ እኔ ወደ ታች አየች። «ልጅቷ ትሰማለች።»

ሰምቻለሁ። አንድ ፈረንጅ፣ ወደብ አጠገብ የሚኖር፣ እናቴን ሊፈልጋት ይችላል። መርከቡንም አልረሳሁትም። ቤት እስክንደርስ ድረስ የእግረኛ መንገዱን ስንጥቆች እየቆጠርኩ ሄድኩ።

ሰውየው ኤርኮሌ ይባል ነበር። ጣልያን አዲስ አበባ በገባ ዘመን ጉለሌ የከባድ መኪና ጋራዥ ነበረው። አያቴ ጥሩነሽ ከእሱ ጋር አራት ዓመት ኖራ እናቴን ወለደችለት። እንግሊዞች ጣልያኖቹን ሰብስበው ሲወስዱ እናቴ የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ከብዙ ዙረት በኋላ ሰውየው አሜሪካ ገብቶ የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ሞተር እየጠገነ ኖረ። አንድ ቀን ምግብ ቤቱ ውስጥ ካርታ ሲጫወት ነጥቡን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ በአማርኛ ሲቆጥር የማነ ሰማው። ጠየቀው። ሰውየው ጉለሌን አነሣ፣ ጥሩነሽን አነሣ፣ ከዚያ ካርታውን ሰብስቦ ተነሣ። የማነ የእናቴን ታሪክ ከአባቴ ሰምቶ ያውቅ ነበር። እናቴ ከሰውየው ገንዘብም ወረቀትም አልፈለገችም። በገዛ አፉ «ልጄ ነሽ» እንዲላት፣ አንዴ ብቻ እንዲላት ነበር የፈለገችው። ይህን ሁሉ እኔ ያወቅሁት ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

እኔ ያኔ የእናቴ አባት ነው ብዬ የማውቀው አምደሚካኤልን ነው። እናቴ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ፀጉሬን ስትሠራኝ የዘር ሐረጌን ትጠይቀኝ ነበር፤ ፌርፋክስ ላይ እንዲህ የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው አልነበረም፤ እንዳልረሳ ነው። ጭንቅላቴን በጉልበቶቿ መሐል ይዛ፣ ማበጠሪያውን አፏ ላይ ነክሳ፣

«አንቺ?»

«ምንትዋብ።»

«አባትሽ?»

«ንዋይ።»

በአባቴ በኩል እስከ ሰባት ከወረድኩ በኋላ ወደ እሷ እንዞራለን።

«እናትሽ?»

«ሮማነወርቅ።»

«አባቷ?»

«አምደሚካኤል።»

ከአምደሚካኤል ገብረየስ፣ ከገብረየስ ወልደሥላሴ፣ እንዲያ እያልኩ እስከ ሰባት እወርዳለሁ። ከተሳሳትኩ ፀጉሬን ሳብ ታደርገዋለች። አልሳሳትም ነበር። በትምህርት ቤቴ ካሉት ልጆች የአያቱን አባት ስም የሚያውቅ አንድም አልነበረም፤ ኩራቴ ይኸው ብቻ ነበር። አምደሚካኤልን በጣም እወደው ነበር። እናቴ ስለ እሱ ስትናገር ድምፅዋ ይለወጣል። ሕፃን ሳለች ትከሻው ላይ አድርጎ ገበያ ይወስዳት እንደነበር ትነግረኝ ነበር።

አምደሚካኤል ግን የእናቴ አባት አልነበረም፤ የጥሩነሽ አባት ነው። ጣልያን በወጣ ማግሥት የሰፈሩ ሰው ሕፃኗን «የሶላቶ ልጅ» ማለት ሲጀምር፣ ሽማግሌው አንድ እሑድ ትከሻው ላይ አድርጓት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመና «ይህች የእኔ ልጅ ናት። አባቷን የሚጠይቅ ካለ እኔን ይጠይቅ» አለ። ያን ጊዜ እንዲህ በአያታቸው ስም የተጠሩ ልጆች ብዙ ነበሩ። ስለዚህ እኔ በቃሌ ከማውቃቸው ሰዎች መሐል አንድ ተዘልሏል። የተዘለለው ሰው ሳን ፔድሮ ተቀምጦ ካርታ ይጫወት ነበር።

በሚቀጥሉት ሳምንታት እናቴ ተለወጠች። የምትሠራው ሚስተር ዜሊግ የሚባል ሽማግሌ ልብስ ስፌት ቤት ነው፤ ከቤታችን ሁለት መንገድ ተሻግሮ። ሱሪ ታሳጥራለች፣ ወገብ ታሰፋለች። ሚስተር ዜሊግ የተረፈ አረንጓዴ ጨርቅ ሰጥቷት ቀሚስ ጀመረች። ስትለካው መስተዋት ፊት ቆማ የማላውቀውን ቋንቋ ታነበንባለች። ጥቂት ቃላት ናቸው፤ ትሳሳታለች፣ ትጀምራለች፣ እንደገና ትሳሳታለች። እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አያታለሁ። የማታውቀውን ቋንቋ የምትለማመድ ሰው ወደ ሌላ አገር ልትሄድ ነው ብዬ አሰብኩ።

አንድ ማክሰኞ፣ እራት ልንበላ ስንል ስልኩ ጮኸ። እናቴ እጀታውን በሁለት እጇ ያዘችው። ብዙ አልተናገረችም። «የስ» አለች። ቆይታ «የስ» አለች። ከዚያ «ሰንደይ፣ ኦኬ» ብላ ዘጋች፤ እጇን ግን ከስልኩ ላይ አላነሣችም።

«እሑድ እንግዳ አለብን» አለችኝ።

«ማነው?»

«ሰው ነው።»

እራቴን አልበላሁም። እሷም ልብ አላለችኝም፤ ከሁሉ የባሰብኝ እሱ ነው።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ አንገቴ ላይ ባንጠለጠልኩት ቁልፍ በሩን ከፍቼ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ስልኩ ጮኸ። እናቴ ሥራ ናት። አነሣሁት።

የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ ሻካራ። «ሴትዮዋ አለች ወይ» ብሎ እናቴን ጠየቀ። ሥራ ናት አልኩት። ማን እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ ልጇ ነኝ አልኩ። ዝም አለ። ትንፋሹ ይሰማል። ከዚያ በአማርኛ፣ እንደ ድንጋይ እያንከባለለው፣ «እንደምን አለሽ» አለኝ። ደነገጥኩ። እናቴ አማርኛ አስተምራዋለች ማለት ነው፤ ነገሩ እዚህ ድረስ ሄዷል ማለት ነው። ዕድሜዬን ጠየቀኝ፤ ዘጠኝ አልኩት። ወደ እንግሊዝኛው ተመለሰ።

«እናትሽ» አለ፣ «የማን ልጅ ነኝ ነው የምትለው? አባቷ ማን ይባላል?»

ይህን ጥያቄ በእንቅልፌም እመልሰዋለሁ። ደግሞም ድንገት አንድ ነገር ገባኝ፣ የገባኝ መሰለኝ። ሊዲያን አትሂጂ ብሎ የሚቆም ሰው አልነበራትም፤ አንዲት ሴት ብቻ ከታች ሻሿን ነክሳ ቀረች። የእናቴ ግን ሰባት ሰዎች አሉ። ሰባቱንም አንድ በአንድ ከኋላዋ ላቆማቸው እችላለሁ።

«አምደሚካኤል» አልኩት። «አምደሚካኤል ገብረየስ። ገብረየስ ወልደሥላሴ።» ሳልተነፍስ እስከ መጨረሻው ወረድኩበት።

«አምደሚካኤል» አለ ሰውየው። ስሙን ሳይሳሳት ነው ያለው። «በሕይወት አለ?»

«ሞቷል። ግን አባቷ እሱ ነው። ሌላ የላትም።»

«ይወዳት ነበር?»

«ትከሻው ላይ ተሸክሟት ይሄድ ነበር።»

መልእክት እንዳለው ጠየቅሁት፤ በትምህርት ቤት እንደዚያ በሉ ተብለናል። የለም አለኝ። ሲዘጋ እንኳ ቀስ ብሎ ነው የዘጋው። እኔ ያን ቀን ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሁለት ቁራሽ ዳቦ በማርማላታ በላሁ። ከሲኒማው ወዲህ እንደዚያ ርቦኝ አያውቅም።

አምደሚካኤልን ያውቀዋል፤ የጥሩነሽን አባት እንዴት አያውቅ። ስሙን ከእኔ ሲሰማ ምን እንደተደረገ ወዲያው ገብቶታል። ቦታዬ ተይዟል፣ በሚገባ ሰው ተይዟል፣ አሁን ሄጄ ላፈናቅለው አይገባኝም ብሎ ይሆናል። ወይም መጀመሪያውኑ መምጣት ፈርቶ ሰበብ ሲፈልግ ሰበቡን በዘጠኝ ዓመት ልጅ አፍ አግኝቶ ይሆናል። እኔ ሁለተኛውን ብመርጥ ደስ ይለኛል። በየዓመቱ እመርጠዋለሁ፤ በየዓመቱም ከእጄ ያመልጣል።

እሑድ እናቴ መኮረኒ በምድጃ ጋገረች፤ ከላይ አይብ ነስንሳ። ጠረጴዛችን ላይ ጨርቅ አነጠፈች፣ አልወደደችውም፣ አንሥታ ተኮሰችው፣ መልሳ አነጠፈችው። አረንጓዴው ቀሚስ በጣም ያምርባት ነበር። ጋሼ የማነ ከረባት አስሮ መጣ፤ ከረባቱ አጥሮበት ሆዱ ላይ ቆሟል። እናቴ ሌላ ጊዜ ቢሆን ትተርበው ነበር። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ከመስኮታችን በታች መኪና ፓርክ ባደረገ ቁጥር ሦስታችንም እናዳምጣለን። የመኪናው በር ይዘጋል፣ እርምጃው ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል።

እኔ በዐይኔ ሻንጣ እፈልግ ነበር። አልጋ ሥር አየሁ፣ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ አየሁ። ሻንጣችን እንደ ወትሮው ላዩ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ልብሷ ሁሉ ተሰቅሏል። ልትሄድ አይደለም። የተጋገረውም ምግብ ለሦስት ሰው፣ ለአራት ሰው፣ ቁጭ ብሎ የሚበላ ነው። ምን እንዳደረግሁ አልገባኝም፤ አንድ ነገር ማድረጌን ግን አወቅሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጋሼ የማነ ደወለለት። የሚያነሣ የለም። ምናልባት መንገድ ላይ ትራፊክ ይዞት ይሆናል አለ። እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ምንቴ፣ ሰሞኑን እኔ ሳልኖር ስልክ ተደውሎ ነበር እንዴ?»

«አልተደወለም» አልኳት።

መኮረኒውን ሦስት ቀን በላነው። ቀሚሱን ከዚያ ወዲያ ለብሳው አላየሁም። በወሩ ስፌቱን ፈትታ ለእኔ ጉርድ አደረገችልኝና ዓመቱን ሙሉ ትምህርት ቤት ለበስኩት። ስለ እንግዳው ዳግመኛ አላነሣችም። ፀጉሬን ስትሠራኝ መጠየቋን ግን አልተወችም። «አባቷ?» ትላለች። እኔም «አምደሚካኤል» እላለሁ። ድምፅዋ ላይ ለውጥ አልነበረም፤ ወይም እኔ ለመስማት አልደፈርኩም።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው የማነ፣ ኢንግልዉድ ወዳለው ቤቱ በመኪና ይዞኝ ሲሄድ፣ የቆየ ጨዋታ የሚያጫውተኝ መስሎት ሁሉንም የነገረኝ። ሰውየው ከዚያ እሑድ በኋላ ምግብ ቤቱ ድርሽ እንዳላለ፣ በሁለተኛው ዓመት መሞቱን እንደሰማ፣ ለእናቴም እንደነገራት፣ እሷም «ነፍሱን ይማር» ብላ ወደ ስፌት መኪናዋ እንደተመለሰች። «የጣልያን ነገር» አለ የማነ፣ «ምን ይደረጋል»። እኔ በመስኮቱ የሚያልፉትን የአውሮፕላን ማረፊያ መብራቶች አያለሁ። ልነግረው አፌን ከፍቼ ራዲዮኑን ቀንስልኝ አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ ኖርኩ። አዲስ አበባ ገብቼ አሥራ አንድ ዓመት አስተማርኩ፤ ተመልሼ ወጣሁ፤ እንደገና ገባሁ። ጉለሌ ውስጥ ጋራዡ የነበረበትን ቦታ ሦስት ጊዜ ጠይቄ ሦስት የተለያየ ቦታ አሳይተውኛል። ሦስቱም ጋ ቆሜያለሁ። እዚያ ሰው ሲተዋወቅ የማን ልጅ ነሽ ይላል፤ እኔም እመልሳለሁ፤ በእናቴ በኩል ሲሆን ሁልጊዜ አንድ ትንፋሽ እዘገያለሁ።

ባለፈው ዓመት እናቴን ልጠይቅ መጣሁ። አሁንም አሜሪካ፣ ዌስት አዳምስ ትኖራለች፤ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። ከሰዓት በኋላ በረንዳዋ ላይ የሹራቧን ቁልፍ ስትተክል፣ ክሩ መርፌው ዐይን ውስጥ አልገባላት አለ። ተቀብዬ አስገባሁላት። መርፌውን ስመልስላት፣ ሳላስበው፣ «እማዬ፣ ያን ጊዜ ስልክ ተደውሎ ነበር» አልኳት። የትኛው ጊዜ ብላ አልጠየቀችኝም።

ሁሉንም ነገርኳት። ሰባቱን ስም እንዳወረድኩበት፣ ሌላ የላትም እንዳልኩት፣ እሑድ እንደዋሸኋት። ስጨርስ ዐይኔን ከጉልበቷ ላይ አላነሣሁም።

«አርባ ሰባት ዓመት» አለች። «ይህን ይዘሽ ነው ከእኔ ጋር የበላሽው።»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ማክሰኞ ዕለት ድምፄን ሰምቶ ተጸየፈኝ እያልኩ። አነጋገሬ ነው፣ የስ የስ ማለቴ ነው እያልኩ።» መርፌውን ሹራቡ ላይ ሰካችው። «አባቷ ማን ይባላል አለሽ?»

«አለኝ።»

«ይወዳት ነበር ወይ አለሽ?»

«አለኝ።»

ቁጣዋን ስጠብቅ ነበር፤ ለቁጣዋ ተዘጋጅቻለሁ። እሷ ግን ወንበሯን ወደ እኔ ስባ፣ ጆሮዋ ከብዷልና ጭንቅላቷን አዘንብላ፣ እንደገና ንገሪኝ አለችኝ። ነገርኳት። ትንፋሹን ነገርኳት፣ እንደምን አለሽ ማለቱን ነገርኳት፣ ቀስ ብሎ መዝጋቱን ነገርኳት። እንደገና አለችኝ። ሦስተኛ ነገርኳት።

«ስሜንስ?» አለች። «ስሜን ጠርቶ ነው የጠየቀሽ? ሮማነወርቅ ብሎ?»

ዐይኗ ዐይኔ ላይ ነበር።

«አዎ» አልኳት። «ሮማነወርቅ ብሎ ነው።»